ትንፋሽ የሚታጠፍበት ቦታ፦ የቴነር ትሮምቦን ቫልቮች

ትሮምቦን ተጫዋች ኖታ የሚያገኘው በክንዱ ነው። ስላይዱን፣ ማለትም ተንሸራታቹን ቱቦ፣ ወደ ፊት በገፋ ቁጥር የመሣሪያው ቱቦ ይረዝማል፣ ድምፁም ይወፍራል። ሰባት ቦታዎች አሉ፤ ከአንዱ ወደ ቀጣዩ ሲኬድ ድምፁ በግማሽ ቶን ይወርዳል። በክቡር ዘበኛና በፖሊስ ባንዶች ፎቶግራፎች ላይ ከጥሩምባው ጎን ያየነው ረጅም መሣሪያ ይኸው ነው። ስላይድ እያለው ታዲያ ቫልቭ ለምን አስፈለገው?

ቴነር ትሮምቦን ስላይዱ ሳይወጣ የተቃኘው በሲ ቤሞል ነው፤ ቱቦው ተዘርግቶ ቢለካ 2.7 ሜትር ገደማ ይሆናል። ሰባተኛው ቦታ ላይ ክንድ ያልቃል፣ እዚያ የሚገኘው ዝቅተኛ ኖታም ሚ ነው። ከሚ በታች ሚ ቤሞል፣ ሬ፣ ሬ ቤሞል፣ ዶና ሲ ጭራሽ አይገኙም። ከእነሱ በታች ግን ፔዳል የሚባሉት ወፋፍራም ድምፆች እንደገና ይጀምራሉ። እ.ኤ.አ. በ1839 የላይፕሲጉ መሣሪያ ሠሪ ክርስቲያን ፍሪድሪሽ ሳትለር ለዚህ ክፍተት መላ አበጀለት፦ ከቤሉ፣ ማለትም ድምፁ ከሚወጣበት ሰፊ አፍ፣ በኩል 90 ሴንቲ ሜትር ገደማ ተጨማሪ ቱቦ ጠቀለለና መግቢያው ላይ ቫልቭ ገጠመ። ዛሬ የግራ አውራ ጣት ትሪገሩን፣ ማለትም የቫልቩን ማንሻ፣ ሲጫን ትንፋሹ በዚያ ቱቦ ይዞራል፣ መሣሪያውም ከሲ ቤሞል ወደ ፋ ይወርዳል።

ጥቅሙ ግን በዝቅተኞቹ ኖታዎች አያበቃም። ከመካከለኛው ሲ ቤሞል ወደ ዶ፣ ከዚያም መልሶ ወደ ሲ ቤሞል በፍጥነት መሄድ ያለበትን ተጫዋች እንይ። ሲ ቤሞል አንደኛ ቦታ ላይ፣ ዶ ደግሞ ስድስተኛው ላይ ነው፤ ክንድ ግማሽ ሜትር ያህል ሄዶ መመለስ አለበት። ትሪገሩን ከተጫነ ዶም አንደኛ ቦታ ላይ ይገኛል፤ ስላይዱ ንቅንቅ ሳይል አውራ ጣት ብቻ ይሠራል። ክንዱ ገና ላልረዘመ ተማሪ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

ዋጋም ያስከፍላል። ቱቦው ስለረዘመ በቦታዎቹ መካከል ያለው ርቀትም ይሰፋል፣ ስለዚህ ትሪገሩ ሲጫን ስላይዱ ላይ የሚበቁት ስድስት ቦታዎች ብቻ ናቸው። ዝቅተኛው ሲ እንደጎደለ ይቀራል፤ እሱን የፈለገ የቫልቩን መቃኛ ቱቦ አውጥቶ ወደ ሚ ማውረድ አለበት። ከዚያ በላይ ደግሞ ክብደት አለ፤ ሁሉንም የሚሸከመው ግራ እጅ ነው። ብዙ የጃዝ ተጫዋቾች ቫልቭ የሌለውን ቀላል ትሮምቦን የሚመርጡት ያለ ምክንያት አይደለም።

ቫልቭ ባላቸው ትሮምቦኖች መካከል ያለው ዋና ልዩነት ቫልቩ ትንፋሹን እንዴት እንደሚያጥፈው ላይ ነው። ሮታሪ የሚባለው የጥንቱ ቫልቭ ሁለት መተላለፊያ የተቀረጸበት ትንሽ ሲሊንደር ነው፤ ሩብ ዙር ሲዞር መንገዱን ይቀይራል። የታመቀ፣ ቀላልና ዕድሜ ጠገብ ነው፤ ዘይቱን እስካላጣ ድረስ ለዓመታት ያገለግላል። ጉድለቱ መንገዱን በድንገት ማጠፉ ነው፤ ትሪገሩ ሲጫን ድምፁ ትንሽ የታፈነ፣ ለትንፋሽም የሚከብድ ሊሆን ይችላል። ከትሪገሩ ጋር የሚያገናኘው ነገርም ሁለት ዓይነት ነው። ክር ያለው ጸጥ ያለና በቀላሉ የሚለወጥ ነው፤ የብረት መገጣጠሚያ ያለው የሚቀየር ክር የለውም፣ ሲያረጅ ግን ይንቋቋል።

አንዳንድ ሠሪዎች ቫልቩን እንዳለ ትተው የተጨማሪውን ቱቦ አጠቃለል ቀየሩ። በጥንቱ አጠቃለል ቱቦው ብዙ ጊዜ ተጣጥፎ በቤሉ ክፍል ውስጥ ይሰበሰባል። ክፍት በሚባለው መታጠፊያዎቹ ያነሱ ናቸው፤ ቱቦው ግን ከመሣሪያው ኋላ አልፎ ስለሚወጣ በሳጥን አከታተትና በአያያዝ ካልተጠነቀቁ ይጎዳል። ባክ የሚባለው ኩባንያ 42 ሞዴሉን በሁለቱም መልክ ይሠራል።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ደግሞ አሜሪካዊው ኦርላ ኤድ ታየር ቫልቩን ራሱን ከሥሩ ለወጠው። የእሱ ቫልቭ እንደ ሾጣጣ ቅርጽ ያለው ሲሆን፣ ትንፋሹ በጎን ተጠምዝዞ ሳይሆን በርዝመቱ ቀጥ ሊል በቀረበ መንገድ ያልፋል። ትሪገሩ ተጫነም አልተጫነ ድምፁ ተቀራራቢ ነው፤ ይህን በጆሮው የሰማ ሰው ብዙ ገንዘብ ቢያወጣ አይፈረድበትም። ግን ትልቅና ከባድ ነው፣ የትሪገሩም ጉዞ ይረዝማል። ሾጣጣው በትክክል ካልተቀመጠ ወይ ይጣበቃል ወይ አየር ያስወጣል፤ ቶሎ ቶሎ ዘይትና እንክብካቤ ይፈልጋል።

የጄኔቫው ሬኔ ሃግማን በኋላ መካከለኛ መንገድ አገኘ። ቫልቩ እንደ ሮታሪ ይዞራል፣ ውስጡ ግን ሦስት መተላለፊያ አለው፤ መታጠፊያው ስለላላ ትንፋሹ ይቀለዋል። ስዊድናዊው ሶሎ ተጫዋች ክርስቲያን ሊንድበርግም የስሙ መነሻ ፊደላት ያሉበት ሲኤል 2000 የሚባል ቫልቭ በኮን ኩባንያ 88ኤች ሞዴል ላይ እንዲገጠም አድርጓል።

በሦስት ፒስተን ቫልቭ የሚሠራ፣ ስላይድ የሌለው ትሮምቦንም አለ፤ በዱክ ኤሊንግተን የጃዝ ባንድ ውስጥ ሁዋን ቲዞል የሚጫወተው እሱን ነበር። ያ ግን ሌላ መሣሪያ ነው ማለት ይቻላል፤ ከኖታ ወደ ኖታ መንሸራተት አይችልም።

እኔን ከጠየቃችሁ፣ የነሐስ መሣሪያ ጠጋኝ በቅርብ በሌለበት ከተማ ለሚማር ሰው በጥንቃቄ የተሠራ ሮታሪ ከማንኛውም ታየር ይበልጣል። በኦርኬስትራ ውስጥ ዝቅተኛ ኖታዎችን በየቀኑ ለሚጫወትና አዋቂ ጠጋኝ ላለው ግን የታየርና የሃግማን ጥቅም ዋጋውን ያወጣል። ያገለገለ መሣሪያ ስትገዙ የስሙን ጉዳይ ለጊዜው ተዉትና ሁለት ነገር ፈትኑ። መጀመሪያ አንድ ፋ ስድስተኛ ቦታ ላይ፣ ያንኑ ፋ ደግሞ በትሪገር አንደኛ ቦታ ላይ ንፉ፤ የድምፁ ልዩነት በዛ ካለ ችግሩ እዚያ ነው። ቀጥሎ ትሪገሩን ሳትጫኑ የቫልቩን መቃኛ ቱቦ በፍጥነት ሳቡት፦ «ፖፕ» ካለ ቫልቩ ይዘጋል፤ ዝም ካለ አየር የሚያመልጥበት ቦታ ስላለ ከዋጋው የጥገናውን ቀንሱ።