በ42/1/ሀ የተዘጋ መዝገብ

በባሌ፣ ሮቤም ይሁን ጎባ፣ ሰው በድንገት ሞቶበት ፖሊስ ጣቢያና ፍትሕ ቢሮ የሚመላለስ ቤተሰብ ሳይወድ የሚለምደው ቁጥር አለ፤ «42/1/ሀ»። መዝገቡ በዚህ ቁጥር ተዘጋ ሲባሉ ብዙዎች ደሙ ደመ ከልብ ሆኖ የቀረ መስሏቸው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ነገሩ ግን አላለቀም።

እንግሊዝና ሕጓን የወረሱ አገሮች አጠራጣሪ ሞትን የሚያጣራ ራሱን የቻለ ሹም አላቸው፤ ኮሮነር ይባላል። ሥራው ወንጀለኛ መቅጣት ሳይሆን ሟቹ ማን እንደሆነ፣ መቼ፣ የትና እንዴት እንደሞተ በአደባባይ ማጣራት ነው። እሱም ይሳሳታል። እ.ኤ.አ. በ1989 በሂልስቦሮ ስታዲየም ከ90 በላይ የሊቨርፑል ደጋፊዎች ተጨናንቀው ሲሞቱ፣ ኮሮነሩ ከቀኑ 9፡15 ሰዓት በኋላ የተፈጸመውን አላይም አለ፤ በ1991 «ድንገተኛ አደጋ» ተብሎ ተደመደመ። በ2012 አንድ ገለልተኛ ፓነል የሕክምና ሰነዶቹን ሲያገላብጥ፣ ከዚያች ሰዓት በኋላም ሊተርፉ ይችሉ የነበሩ ሰዎች እንደነበሩ ታየ። ፍርድ ቤት የቀድሞውን ውሳኔ ሻረ፤ በ2016 ሟቾቹ በሕገ ወጥ መንገድ መገደላቸው ተረጋገጠ።

እኛ ኮሮነር የለንም። በድሮው ዘመን የአገሩ ሰው በአውጫጭኝ ተሰብስቦ፣ እየማለ፣ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ይቀመጥ ነበር። ዛሬ ሸክሙ በሦስት ሰዎች ላይ ወድቋል፤ በመርማሪ ፖሊሱ፣ በሐኪሙና በዐቃቤ ሕጉ። ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ አገሪቱ ስትሠራበት የኖረችው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ የፖሊስ መዝገብ የደረሰው ዐቃቤ ሕግ እንዲከስ፣ ተጨማሪ ምርመራ እንዲያዝ ወይም አልከስም እንዲል ይፈቅድለታል። አልከስም ካለ ምክንያቱን በጽሑፍ ማስፈር አለበት። ከምክንያቶቹ አንዱ በአንቀጽ 42 ንዑስ አንቀጽ 1 ፊደል ሀ የተቀመጠው ነው፤ ጥፋተኛ ለማሰኘት የሚበቃ ማስረጃ አልተገኘም ማለት ነው።

በዚህ መንገድ የተዘጋ መዝገብ ማንንም ነጻ አላወጣም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 23 ዳግመኛ እንዳይከሰስ የሚከለክለው በመጨረሻ ፍርድ ጥፋተኛ የተባለውን ወይም በነጻ የተለቀቀውን ሰው ነው። ፍርድ ያላየው መዝገብ ግን አዲስ ማስረጃ ሲመጣ ይንቀሳቀሳል። ጊዜውም አጭር አይደለም፤ ለከባድ ግድያ ይርጋው 25 ዓመት፣ ለተራው ግድያ 20 ዓመት ነው።

ከዓመታት በኋላ ለተመረመረ ሞት በአገራችን ትልቁ ምሳሌ የንጉሠ ነገሥቱ ሞት ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ነሐሴ 21 ቀን 1967 ዓ.ም. በሕመም ምክንያት አረፉ ሲል ደርግ አስታወቀ። ሐኪማቸው ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ግን ይህን አልተቀበሉም፤ የሰማቸው አልነበረም። አፅማቸው በ1984 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥቱ ግቢ፣ ከኮንክሪት ሥር ወጣ። በዚያው ዓመት በአዋጅ ቁጥር 22 የልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ፤ ባቀረበውም ክስ ንጉሡ አልጋቸው ላይ ታንቀው ተገደሉ አለ። ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ተቀበሩ። በደርግ ባለ ሥልጣናት ላይ የጥፋተኝነት ውሳኔ የተሰጠው ደግሞ ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. ነው።

ለንጉሥ ልዩ ዐቃቤ ሕግ ተቋቋመ፤ ከአጋርፋ ወይም ከዲንሾ ገጠር ለሞተ ገበሬ ግን ያለው በመጀመሪያው ቀን የተጻፈው ወረቀት ብቻ ነው። ባሌ ላይ ይህ ቀን በጣም ያጥራል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ሟቹን ቶሎ መቅበር ይፈልጋል፤ የእምነት ክብር ስለሆነ ማንም ሊነቅፈው አይገባም። የአስከሬን ምርመራ ለረጅም ዘመን የሚታወቀው አዲስ አበባ ነው፤ ከሮቤ 430 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የአካባቢው ሐኪም የውጭ አካሉን አይቶ አጭር ማስረጃ ይጽፋል፤ ቀብሩም ይፈጸማል።

ከዓመታት በኋላ መቃብር ቢከፈት የቆዳ ሰንበርና የውስጥ ደም መፍሰስ አይገኙም። አጥንት ግን ይቆያል፤ የራስ ቅል ስብራት፣ ጎድን ውስጥ የቀረ ጥይት፣ አንዳንዴም በመታነቅ የተሰበረች ቀጭን የጉሮሮ አጥንት። በስንዴ አገር እንደ ባሌ በየቤቱ የማይጠፋው ፀረ ተባይ መርዝ ደግሞ አብዛኛው ቶሎ ስለሚበተን፣ ደምና የሆድ ዕቃ ናሙና በዚያው ሰዓት ካልተወሰደ ኋላ ማረጋገጡ እጅግ ይከብዳል። ሟቹ የተገኘበት ቦታ ንድፍም እንዲሁ ነው፤ ሬሳው በየት በኩል ተጋድሞ እንደነበር፣ ዱላው ከራስጌው ስንት ሜትር ርቆ እንደተገኘ ያልጻፈ መርማሪ፣ በኋላ የሚመጣውን ምስክር የሚያመሳክርበት ነገር አይኖረውም።

ሌላው መሰናክል ዕርቅ ነው። በባሌ ሽማግሌዎች ጉማ የሚባለውን የደም ካሣ አስከፍለው ደም ያደርቃሉ፤ ቂም በቀልን ስለሚያስቀር ታላቅ ሥርዓት ነው። ሆኖም ከዕርቁ በኋላ ምስክሮች ዝም ይላሉ፣ መዝገቡም ለማስረጃ ይቸገራል። ጉማ ሁለቱን ጎሳዎች ያስታርቃል እንጂ የመንግሥትን የግድያ ክስ አያስቀርም፤ ሽማግሌዎቹም ምስክር እንዲናገር ቢመክሩ የዕርቁ ክብር አይቀንስም ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ መዝገብ ተዘጋ ስትባሉ የመዝገቡን ቁጥርና የዐቃቤ ሕጉን የጽሑፍ ውሳኔ ጠይቃችሁ ያዙ። የሆስፒታሉን ወረቀት አትጣሉ። ያልተጠየቀ ምስክር፣ ያልታየ ስልክ ወይም የተረሳ የሕክምና ካርድ ባገኛችሁ ቀን ማመልከቻ ጽፋችሁ እዚያው ዐቃቤ ሕግ ዘንድ ሂዱ፤ ተጨማሪ ምርመራ እንዲደረግ ማዘዝ ሥልጣኑ ነው።