የሃዋይ ዘፈኖች ሦስት ኮርዶች

ዩኩሌሌ በተባለው ባለ ክር መሣሪያ የታጀበ የሃዋይ ዘፈን በጥሞና ስንሰማ፣ አንዱ የግጥም አንጓ አልቆ ሌላው ከመጀመሩ በፊት ድምፃዊው ጋብ ሲል ሦስት ኮርዶች ተከታትለው ይመጣሉ። ኮርድ ማለት በአንድነት የሚሰሙ የተለያዩ ድምፆች ጥምረት ነው። ይህን አጭር መሸጋገሪያ ሙዚቀኞች «ቫምፕ» ይሉታል።

መነሻው የብዙ ባህሎች መገናኛ ነው። ከ1820 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ ሃዋይ የመጡት ሚስዮናውያን በኅብረ ድምፅ የሚዘመር መዝሙር አስተማሩ። በ1879 እ.ኤ.አ. ደግሞ «ራቨንስክራግ» የተባለች መርከብ ለሸንኮራ እርሻ ሥራ የተቀጠሩ የማዴይራ ደሴት ፖርቹጋላውያንን ሆኖሉሉ አደረሰች። ከእነርሱም መካከል የነበሩት ማኑኤል ኑኔስ፣ አውጉስቶ ዲያስና ዦዜ ዱ እስፒሪቶ ሳንቶ የአገራቸውን ትንሽ ባለ አራት ክር መሣሪያ መነሻ አድርገው ዩኩሌሌን ሠሩ። ከ1874 እስከ 1891 እ.ኤ.አ. በሃዋይ የነገሡት ካላካዋ፣ በሚስዮናውያን ተጽዕኖ ከአደባባይ ርቆ የነበረውን የሁላ ውዝዋዜ በቤተ መንግሥታቸው አከበሩት፤ ዩኩሌሌም አጃቢው ሆነ።

አሁን ወደ አሠራሩ እንለፍ። ስኬል በቅደም ተከተል የተደረደሩ ድምፆች ስብስብ ነው። የአንድን ስኬል ድምፆች ከአንድ እስከ ሰባት ብንቆጥር፣ ቫምፕ ከሁለተኛው ድምፅ ኮርድ ተነሥቶ በአምስተኛው በኩል አንደኛው ላይ ያርፋል። በሲ ሜጀር ስኬል ሲጫወቱት ዲ ሰቨን፣ ጂ ሰቨን እና ሲ ይሆናል። «ሰቨን» የሚባለው ተጨማሪ ድምፅ ኮርዱ ባለበት እንዳይረጋ፣ ወደሚቀጥለው እንዲሳብ ያደርገዋል። ብዙውን ጊዜ ሁለቱ ሰቨኖች ሁለት ሁለት ምት፣ ሲ ደግሞ አራት ምት ይሰጣቸዋል፤ ይህም ሁለት ጊዜ ይደገማል።

የመሳቡን ምክንያት ጣቶቻችን ያሳዩናል። የዩኩሌሌ አራት ክሮች በጂ፣ ሲ፣ ኢ እና ኤ ይቃኛሉ። በሃዋይ የተለመደውን ዲ ሰቨን ስንይዝ የኢ ክር በሁለተኛው ፍሬት ይጫናል፤ ፍሬት በመሣሪያው አንገት ላይ የተደረደረው አግዳሚ ሽቦ ነው። የሚሰማውም ኤፍ ሻርፕ፣ ለሲ ሜጀር እንግዳ የሆነ ድምፅ ነው። ጂ ሰቨን ላይ ያው ክር ወደ አንደኛው ፍሬት ይወርዳል፤ ሲ ላይ ክፍቱን ይመታል። በተቃራኒው የኤ ክር ከክፍት ተነሥቶ ወደ ሁለተኛው፣ ከዚያም ወደ ሦስተኛው ፍሬት ይወጣል። አንዱ ድምፅ እየወረደ ሌላው እየወጣ ሁለቱም በሲ ኮርድ ውስጥ ያርፋሉ።

ጥቅሙ ከጆሮ ያልፋል። ሁላ ግጥም በአካል የሚተረክበት ጥበብ ነው። በቫምፑ ጊዜ ተወዛዋዦች ወደ ጎን እየተራመዱ ለቀጣዩ አንጓ ይዘጋጃሉ፤ በዚያው መካከል የሚቀጥለው አንጓ የመጀመሪያ ቃላት በጥሪ ይሰማሉ። ድምፃዊው ትንፋሽ ይወስዳል፤ ተወዛዋዡም የትኛው እንቅስቃሴ እንደሚከተል ያውቃል።

ቅደም ተከተሉ በቁጥር ስለሚታወቅ ወደ ማንኛውም ስኬል ይዛወራል፤ በኤፍ ሲጫወቱት ጂ ሰቨን፣ ሲ ሰቨን እና ኤፍ ይሆናል። ከዚህ በፊት ተገናኝተው የማያውቁ ተጫዋቾች ስኬሉን ብቻ ተነጋግረው አንድን ተወዛዋዥ በኅብረት ማጀብ የሚችሉት ሁሉም ይህን መሸጋገሪያ ስለሚያውቁት ነው።