የተሳቢው ጭራ ለምን ይወዛወዛል?

በጂቡቲ መንገድ የምናየው የከባድ መኪና ተሳቢ ፊትም ኋላም ጎማ ስላለው ክብደቱን ራሱ ይሸከማል፤ ከፊቱ ያለው መኪና ሥራው መጎተት ነው። አሜሪካኖች ለሽርሽር ይዘውት የሚወጡት፣ አልጋና ምድጃ የተገጠመለት ትንሽ ተሳቢ ግን ጎማዎቹ ያሉት ወገቡ አካባቢ ነው። አፍንጫውን የሚያስደግፈው በጎታቹ መኪና ላይ ነው። ጣጣውም የሚመጣው ምን ያህል ይደገፍ ከሚለው ነው።

በአሜሪካ የተለመደው ልክ ከተሳቢው ጠቅላላ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ ነው። ከነጓዙ 1000 ኪሎ ከመዘነ ከ100 እስከ 150 ኪሎው በመኪናው ኋላ ባለው የመጎተቻ ኳስ ላይ ያርፋል። ሲበዛ የመኪናው ኋላ ይጎብጣል፤ የፊት ጎማዎቹ መሬቱን በደንብ ስለማይቆነጥጡ መሪው ይቀልላል። ሲያንስ ግን የባሰ ነው።

ይህን በመሮጫ ማሽን ላይ በአሻንጉሊት መኪና የሚያሳዩበት ሙከራ አለ። ክብደቱ ከተሳቢው ጎማ ፊት ሲቀመጥ፣ ተሳቢውን በጣት ገፋ ቢያደርጉት ትንሽ ተወዛውዞ ይረጋል። ክብደቱን ወደ ኋላ ወስደው ሲደግሙት ግን እያንዳንዱ ውዝዋዜ ካለፈው እየሰፋ ሄዶ መኪናውንም ያዞረዋል። ጭራው የከበደ ተሳቢ ወደ ግራ ሲወረወር አፍንጫው የመኪናውን ኋላ ወደ ቀኝ ይገፋል፤ አቅጣጫ የሳተው መኪና ደግሞ ተሳቢውን መልሶ ያወዛውዘዋል።

ፍጥነት ነገሩን ያከፋዋል። ውዝዋዜውን የሚያበርደው ጎማው ወደ ጎን ሲገፋ አስፋልቱ ላይ የሚያሳየው እምቢታ ነው። ወደ ፊት የሚሄድበት ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ይህ የማብረድ ኃይል በግማሽ ገደማ ይወርዳል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ጨዋ የነበረ ተሳቢ በ110 የሚያብደው ለዚህ ነው። ያኔ እግር ወደ ፍሬን መሮጡ አይቀርም፤ ግን መኪናው ሲያዝ ተሳቢው ከኋላ እየገፋ ይታጠፋል። እግርን ከነዳጅ ማንሣትና መሪውን ቀጥ አድርጎ መያዝ ይሻላል። ተሳቢው በእጅ የሚታዘዝ የራሱ ፍሬን ካለው፣ እሱን ብቻ መያዝ ነው።

ሰው ሲያያይዝ አብዝቶ የሚጨነቀው ለመቆለፊያው ነው፤ እኔ ጭነቱን አስቀድማለሁ፤ መቆለፊያውም ቢሆን ግን ያታልላል። የኳሱ መጠን አናቱ ላይ ተጽፏል። ለ2 ኢንች ኳስ የተሠራ የተሳቢ ማቀፊያ 3 ሚሊ ሜትር ያህል በሚያንሰው ኳስ ላይም ቁጭ ብሎ የተቆለፈ ይመስላል፤ ጉድጓድ ሲያገኝ ይዘላል። ስለዚህ ከቆለፉ በኋላ የተሳቢውን አፍንጫ በራሱ ክሪክ ከፍ ማድረግ ነው፤ የመኪናው ኋላ አብሮ ከተነሣ ይዟል። ተሳቢውን ከመኪናው ጋር የሚያያይዙት ሁለት ሰንሰለቶች ከሥር የሚጠላለፉትም አፍንጫው ቢያመልጥ አስፋልት ላይ እንዳይተከል፣ እነሱ ላይ እንዲያርፍ ነው።

ሚዛኑ መለካት ያለበት ደግሞ ጓዙ ሁሉ ከገባ በኋላ ነው። ባዶውን ልክ የነበረ ተሳቢ ከጎማው ኋላ ያለው የውኃ ታንከር ሲሞላ ልኩን ይስታል፤ 100 ሊትር ውኃ 100 ኪሎ ነው። ከኋላ የሚንጠለጠሉ ብስክሌቶችም እንዲሁ።