አመዳይን በፎቶግራፍ ያነሣው ገበሬ

ከጥበባት ሁሉ የፎቶግራፍ ጥበብ ቀላል መስሎ ይታያል፤ መሣሪያውን የያዘ ሰው ሁሉ ፎቶግራፍ አንሺ ይባላልና። ይልቁንም ዛሬ መሣሪያው ከስልክ ጋራ ተዋሕዶ በብዙ ሰው ኪስ ውስጥ ስለሚገኝ፣ ሥዕል ለማንሣት ጣትን ከማሳረፍ በቀር ሌላ ድካም ያለበት አይመስልም። ነገር ግን የሥራው ክብር በመሣሪያው ሳይሆን በአንሺው ትጋትና ትዕግሥት መሆኑን ለማስረዳት፣ በአሜሪካ አገር በቬርሞንት ግዛት ይኖር የነበረውን የዊልሰን ቤንትሊን ታሪክ ለአንባቢዎቻችን ማቅረብ ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

ቤንትሊ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1865 ዓ.ም. ጄሪኮ በምትባል ስፍራ ከገበሬ ቤተ ሰብ ተወለደ። እናቱ አስቀድሞ የትምህርት ቤት አስተማሪ ነበረችና እስከ 14 ዓመቱ ድረስ በቤት አስተማረችው። በ15 ዓመቱም ከእርስዋ ባገኘው ማይክሮስኮፕ የአመዳይን ቅንጣት ለመመርመር ጀመረ።

አመዳይ ያልነው በእኛ አገር በክረምት ከዝናብ ጋራ የሚወርደውን ጠጣር በረዶ አይደለም። ብርድ በጸናበት አገር በደመና ውስጥ ያለው ተን ወደ ውሃነት ሳይመለስ ይረጋና እንደ ባዘቶ እየበነነ ይወርዳል። ቅንጣቱን አቅርቦ ለተመለከተው ሰው ስድስት ማዕዘን ወይም ስድስት ቅርንጫፍ ያለው፣ አንጥረኛ ተጨንቆ የሠራው የሚመስል ጌጥ ሆኖ ይታያል። ወጣቱም ይህን ውበት በእጁ ለመሣል ቢደክም፣ ሥዕሉን ሳይጨርስ ቅንጣቱ እየቀለጠ አስቸገረው። ስለዚህ በ17 ዓመቱ እናቱ አባቱን ለምና፣ ለገበሬ ቤት ብዙ ገንዘብ የነበረውን 100 ዶላር አስከፍላ የፎቶግራፍ መሣሪያና ማይክሮስኮፕ አስገዛችለት።

መሣሪያው ቢገኝም ሥራው ወዲያው አልተሳካለትም። ያስተማረው ባለሙያ አልነበረምና እየሞከረ፣ እየተሳሳተ፣ ስሕተቱንም እየመረመረ ቆይቶ በ1885 ዓ.ም. ጃንዋሪ 15 ቀን የመጀመሪያውን መልካም ፎቶግራፍ አገኘ። ያን ጊዜ ዕድሜው ገና 20 ዓመት አልሞላም ነበር።

የቀን ኑሮው የገበሬ ኑሮ ነበረ፤ ላም ያልባል፣ ሣር ያጭዳል። አመዳይ መጣል ሲጀምር ግን ጥቁር ቀለም የተቀባ ጣውላ ይዞ ከደጅ ይቆማል። የእጁ ሙቀት እንዳይደርስበት ጣውላውን የሚይዘው በሽቦ እጀታ ነበረ። ጥቂት ቅንጣት ባረፈበት ጊዜ እሳት ወደማይነድበት ክፍል ፈጥኖ ይገባና በአጉሊ መነጽር ይመርጣል፤ የማይረባውን በላባ ይጠርጋል፤ መልካሙን በቀጭን ስንጥር አንሥቶ በመስተዋት ላይ ያኖራል። ትንፋሹ እንዳያቀልጠው አፉን ዘግቶ ይሠራል። ከዚያም መሣሪያውን ወደ መስኮቱ አቅንቶ፣ ብርሃኑ በቅንጣቱ ውስጥ እንዲያልፍ ያደርጋል፤ ብርሃኑም ደካማ በሆነ ጊዜ አንዱን ሥዕል ለማንሣት ከአንድ ደቂቃ በላይ ይቆይ ነበር። መሣሪያው ረጅም ስለሆነ ከኋላ ቆሞ ምስሉን ሲመለከት እጁ ከፊት ወዳለው ማስተካከያ አይደርስለትም፤ ለዚህም ገመድና መንኰራኵር በገዛ እጁ አበጀለት።

ሥራው ያለ ነቀፋ አልቀረም። ቅንጣቱ ጎልቶ እንዲታይ በማለት፣ በመስተዋቱ ቅጂ ላይ በቅንጣቱ ዙሪያ ያለውን ሽፋን በስለት እየፋቀ መደቡን ያጠቁረው ነበር። ከጀርመን አገር ሊቃውንት ወገን፣ በዚህ ፍቀት የቅንጣቱ ጠርዝ ይለወጣል፤ ደግሞም መልካም መልካሙን ብቻ እየመረጠ ያሳያል የሚል ወቀሳ ተነሣበት። እርሱም ዓላማው የተፈጥሮን እውነት ገልጦ ማሳየት እንጂ መለወጥ አለመሆኑን ተናገረ። በእኛ አስተያየት ወቀሳው በከንቱ የተነገረ አይደለም። አብዛኛው የአመዳይ ቅንጣት የተሰበረና ጎባጣ ሲሆን፣ ያማረውን ብቻ ያየ ሰው ሁሉ እንዲሁ ነው ብሎ ያምናልና። ፎቶግራፍ ምስክር ነው፤ ምስክር ደግሞ ያየውን ብቻ ሳይሆን የተወውንም ሊናገር ይገባዋል። ሥዕልን መለወጥ እጅግ በቀለለበት በዛሬው ዘመን ይህ ነገር ከፊት ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባ ነው።

ቤንትሊ ምርምሩን በአመዳይ ብቻ አልወሰነም። የዝናብን ነጠብጣብ መጠን ለማወቅ በፈለገ ጊዜ በሰፊ ዕቃ የተነፋ ዱቄት አድርጎ ለአፍታ ከዝናብ ውስጥ ያወጣው ነበር። እያንዳንዱ ነጠብጣብ ዱቄቱን አቡክቶ ትንሽ ድቡልቡል ሊጥ ያደርገዋል፤ ሊጡም ሲደርቅ ይለካዋል። ልኩ የታወቀ የውሃ ጠብታ በዱቄት ላይ እያንጠባጠበም ውጤቱን ያመሳክር ነበር። የዚህንም ምርምር ውጤት በ1904 ዓ.ም. አሳተመ። በማንኛውም ቤት ከሚገኝ ዱቄት እንዲህ ያለ መለኪያ ማውጣት የብልህ ሰው ሥራ ነው።

ጎረቤቶቹ ግን ሥራውን ከቁም ነገር አልቈጠሩለትም። አንድ ጊዜ ሥዕሎቹን በመንደሩ ለማሳየት ያለ ክፍያ ቢጠራቸው፣ የመጡት ስድስት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ሥዕሎቹን ለትምህርት ቤቶችና ለሊቃውንት በ5 ሳንቲም ሒሳብ ይሸጥ ነበር፤ ከዚህ የሚያገኘው ገንዘብ ግን ወጪውን አይሸፍንለትም ነበር። የአሜሪካ የአየር ጠባይ ምርምር ማኅበር በ1924 ዓ.ም. የሰጠው እርዳታ 25 ዶላር ነበረ። እርሱ ግን በዚያው በአባቱ መሣሪያ እየሠራ ከ5,000 የሚበልጥ ሥዕል አነሣ። በ1931 ዓ.ም. ከ2,000 በላይ የሚሆነው በመጽሐፍ ታተመለት። በዚያው ዓመት በዲሴምበር 23 ቀን በሳንባ ምች በሽታ ዐረፈ።

ድካሙም ከእርሱ ጋራ አልተቀበረም። ኡኪቺሮ ናካያ የተባለው የጃፓን ሊቅ የቤንትሊን ሥዕሎች አይቶ ለምርምር ተነሣሣና በ1936 ዓ.ም. በሆካይዶ ዩኒቨርሲቲ የአመዳይን ቅንጣት በሰው ጥበብ ለማብቀል ቻለ። ቅንጣቱ በምን ያህል ብርድና እርጥበት ምን ዓይነት መልክ እንደሚይዝም ዘርዝሮ አስረዳ። ገበሬው የሰበሰበውን ሊቁ ተረጐመው ማለት ነው።

እንግዲህ በአገራችንም መሣሪያውን ለያዙ ወጣቶች የምናሳስበው ይህ ነው፦ ሩቅ አገር ሄዶ እንግዳ ነገር መፈለግ ብቻ ሙያ አይደለም። በደጃችን የሚበቅለው ሣር፣ በማሳው ላይ የሚያርፈው ጤዛ፣ በወፍጮው ድንጋይ ላይ የምትታየው የእናት እጅ፣ ይህ ሁሉ አስተዋይ ዓይን ይጠብቃል። አንድን ነገር 40 ዓመት ሙሉ ሳይሰለች የተመለከተ ሰው፣ ሺህ ነገር በችኮላ ካየው ይልቅ ለትውልድ የሚጠቅም ቅርስ ይተዋል።