የቆቦና የራያ ቆላ ጉዞ

የቆቦና የራያ ቆላ ጉዞ በአማራ ክልል ሰሜን ወሎ ዞን በምትገኘው በቆቦ ከተማ፣ በራያ ሜዳና በዙሪያቸው ባሉ ተራሮች የሚደረግ ጉብኝት ነው። አካባቢው በካርታ ላይ ጠባብ ይመስላል። ሆኖም ከቆቦ በቀጥታ መስመር 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ውስጥ ሞቃት ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋና ውርጭ ይገኛሉ። በዚህ ምክንያት ጉዞው በኪሎ ሜትር ብቻ ሊታቀድ አይችልም፤ የቦታው ከፍታ፣ ወቅቱና የመንገዱ ሁኔታ አብረው መታየት አለባቸው።

መልክዓ ምድር

ቆቦ ከባሕር ጠለል በላይ 1,470 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በሜዳ የተቆረቆረች ከተማ ናት። በምዕራብ የላስታ ደጋ ገደል እንደ ግድግዳ ቆሞ ይታያል። በምሥራቅ የዞብል ተራሮች ሜዳውን ከአፋር ዝቅተኛ ቦታዎች ይለዩታል። በላስታ የሚገኘው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር በላይ ነው። የአየር ሙቀት በየ1,000 ሜትር ከፍታ በአማካይ 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ስለሚቀንስ፣ በተራራው ጫፍና በቆቦ ሜዳ መካከል ከ15 ዲግሪ በላይ ልዩነት ይኖራል። ጠዋት በቀላል ሸሚዝ ከቆቦ የተነሣ መንገደኛ ደጋ ላይ ሲያድር ወፍራም ጋቢ ያስፈልገዋል።

ሆርማትና ጎሊና የተባሉት ወንዞች ከምዕራቡ ገደል ወርደው ሜዳውን ያቋርጣሉ። ጎርፋቸው ለዘመናት ያመጣው ደለል ሜዳውን ለም አድርጎታል፤ ከደለሉ ሥር ደግሞ የከርሰ ምድር ውሃ ይጠራቀማል። ገበሬዎች ጎርፉን በቦይ እየጠለፉ ማሳቸውን ያጠጣሉ። በቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም አማካይነትም ጉድጓድ ተቆፍሮ የመስኖ እርሻ ተስፋፍቷል። የአካባቢው ዋና ዋና ሰብሎች ማሽላና ጤፍ ናቸው።

የጉዞ ወቅት

ሜዳው ሁለት የዝናብ ወቅቶች አሉት፤ አንዱ በየካቲትና በሚያዝያ መካከል የሚጥለው በልግ፣ ሌላው ዋናው ክረምት ነው። የበልጉ ዝናብ በየዓመቱ አይታመንም። በሐምሌና በነሐሴ ወራት ሜዳው ላይ ፀሐይ እየወጣ እንኳ ደጋ ላይ የዘነበው ዝናብ በደረቁ የወንዝ አሸዋ ላይ ድንገተኛ ጎርፍ ሊያወርድ ይችላል። ስለዚህ ድልድይ የሌለውን ወንዝ ለመሻገር የአካባቢውን ሰው ምክር መጠየቅ የግድ ነው። ግንቦትና ሰኔ በጣም ይሞቃሉ። ለጉብኝት የሚመቹት ከጥቅምት እስከ ጥር ያሉት ወራት ናቸው፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ማሽላው ሳይታጨድ በማሳው ላይ ይታያል።

መንገድና መጓጓዣ

ቆቦ ከአዲስ አበባ በደሴና በወልድያ አድርጎ ወደ መቀሌ በሚወስደው አስፋልት መንገድ ላይ ትገኛለች። ከአዲስ አበባ እስከ ወልድያ 520 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከወልድያ እስከ ቆቦ ደግሞ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ የአላውሃን ወንዝ ተሻግሮ በጎብዬና በሮቢት በኩል ቆቦ ይገባል። በአውሮፕላን መምጣት የሚፈልግ ኮምቦልቻ ወይም ላሊበላ አርፎ በመኪና ይቀጥላል። በአጎራባች ከተሞች መካከል ሚኒባሶች፣ በከተማ ውስጥ ደግሞ ባጃጆች ይሠራሉ። ከሰዓት በኋላ መኪና ሊያጥር ስለሚችል ከመናኸሪያ በጠዋት መነሣት ይመረጣል።

በካርታ ላይ የሚታየው ርቀት እዚህ በቀላሉ ያሳስታል። ላሊበላ ከቆቦ በቀጥታ መስመር 65 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ትርቃለች። ነገር ግን መካከል ላይ ገደሉ ስላለ፣ በወልድያና በጋሸና የሚዞረው መንገድ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። ከወልድያ በኩልመስክ የሚያልፈው መንገድ አጭር ቢሆንም ተራራማ ነው። ቆቦና ላሊበላን በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ለመጎብኘት ያቀደ ሰው አብዛኛውን ጊዜውን በመኪና ውስጥ ያሳልፋል።

የሚጎበኙ ቦታዎች

በምሥራቅ በኩል ከዞብል ከፍታዎች ላይ የቆቦ ሜዳ በአንድ በኩል፣ የአፋር ቆላ በሌላው በኩል ይታያል።

በሰሜን በኩል መንገዱ አላማጣን አልፎ ወደ ኮረም ሲወጣ በ20 ኪሎ ሜትር ያህል ውስጥ 1,000 ሜትር ገደማ ሽቅብ ይጠመዘዛል። ኮረም በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ ትልቅ የተረጂዎች መጠለያ የነበረባት ከተማ ናት። በዚያ ዓመት ጥቅምት ወር ከዚያ የተላለፈው የቢቢሲ ዘገባ የወሎንና የትግራይን ረሃብ ለዓለም አሳወቀ። ከኮረም ቀጥሎ መውጫ ወንዝ የሌለውና የውሃ አእዋፍ የሚበዙበት የአሸንጌ ሐይቅ ይገኛል። ከዚያ ወደ ሰሜን ማይጨው ናት፤ መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጦር ከፋሺስት ጣሊያን ጋር ታላቁን ውጊያ ያደረገው በዚህ ቦታ ነው። ወደ ኋላ የሚመለሰው ሠራዊት በአሸንጌ ዙሪያ በቦምብና በመርዝ ጋዝ ተደበደበ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴም ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ ላሊበላ ጎራ ብለው ጸልየዋል።

በምዕራብ በኩል 11ዱ የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት አሉ። በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ቀይ ቀበሮ፣ ጭላዳና ጅብራ ይገኛሉ።

ባህልና በዓላት

በራያ ክርስቲያኖችና ሙስሊሞች አብረው ይኖራሉ። የቆቦ ዋና መግባቢያ አማርኛ ሲሆን በራያ ምድር ትግርኛ፣ ኦሮምኛና አፋርኛም ይሰማሉ። ጾመ ፍልሰታ ሲፈታ፣ ነሐሴ 16 ቀን፣ ልጃገረዶች የሶለልን ጨዋታ ይጀምራሉ። ይኸው በዓል በላስታ አሸንድዬ፣ በዋግ ሻደይ ይባላል። ሶለልን ለማየት የሚመጣ ሰው በዓሉ በክረምት እንደሚውል አስቦ የመንገድ ጊዜ መጨመር አለበት። ለገና ወደ ላሊበላ የሚሄድም ማደሪያውን ቀድሞ መያዝ ይኖርበታል።

ጤና

ከ2,000 ሜትር በታች ያሉ ቦታዎች ወባ አለባቸው፤ ዝናቡ ካቆመ በኋላ ከመስከረም እስከ ኅዳር ሥርጭቱ ይበረታል። አጎበር፣ የተጣራ ውሃና ኮፍያ ያስፈልጋሉ። ከቆላ ተነሥቶ በአንድ ቀን ከ3,500 ሜትር በላይ መውጣት ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሊያስከትል ስለሚችል መካከል ላይ ማደር ይመከራል።

ጸጥታ

ቆቦና አካባቢው በ2013 ዓ.ም. በጀመረው የሰሜኑ ጦርነት የውጊያ ቀጠና ነበሩ። የፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ከተፈረመ በኋላም የአላማጣና የኮረም አስተዳደር ጉዳይ በአማራና በትግራይ ክልሎች መካከል ማወዛገቡን ቀጠለ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል ግጭት ተቀስቅሷል። በእንዲህ ያለ ጊዜ መንገድ ሳይታሰብ ሊዘጋ፣ ስልክና ባንክም ሊቋረጡ ይችላሉ። ስለዚህ መንገደኛው በየዕለቱ ሾፌሮችንና የአካባቢውን አስተዳደር መጠየቅ፣ መታወቂያና ጥሬ ገንዘብ መያዝ፣ ሳይመሽ ማደሪያ መግባትና በኬላዎች ፎቶግራፍ ከማንሣት መቆጠብ አለበት። መንገዱ አስተማማኝ ካልሆነ ጉዞውን ለሌላ ጊዜ ማስተላለፍ ይገባል።

የዕቅድ ምሳሌ

ሰላም በሆነበት ጊዜ ከወልድያ የሚነሣ ጉዞ በ6 ቀን ሊከፈል ይችላል። በመጀመሪያው ቀን ቆቦ ይደረሳል፤ በሁለተኛው ዞብል ታይቶ ቆቦ ይታደራል። በሦስተኛው ቀን በአላማጣ፣ በኮረምና በአሸንጌ በኩል ማይጨው ይታደራል። አራተኛው ቀን ወደ ወልድያ ለመመለስ፣ አምስተኛው ወደ ላሊበላ ለመውጣት፣ ስድስተኛው አብያተ ክርስቲያናቱን ለማየት ይውላል። አቡነ ዮሴፍን የሚጨምር ቢያንስ 2 ቀን ያክላል። 4 ቀን ብቻ ያለው ደግሞ ከሰሜኑና ከምዕራቡ አቅጣጫ አንዱን ቢመርጥ ይሻላል።