ከመቀጠሉ በፊት የደነደነ፦ የእግር ደም መልስና የባይፓስ ቀዶ ጥገና

እ.ኤ.አ. በ1967 አርጀንቲናዊው ሐኪም ሬኔ ፋቫሎሮ ክሊቭላንድ ክሊኒክ ውስጥ የእግር ደም መልስ ወስዶ በተዘጋ የልብ ደም ቅዳ ላይ ከቀጠለ ወዲህ፣ ይህ ቧንቧ ከባይፓስ ቀዶ ጥገና ተለይቶ አያውቅም። ረጅም ነው፤ በቀላሉ ይገኛል፤ እግርም ያለ እሱ አይቸገርም። ዕድሜው ግን አጭር ነው። ከደረት ውስጥ የሚወሰደው ደም ቅዳ ከ10 ዓመት በኋላም አብዛኛውን ጊዜ ክፍት ሆኖ ሲገኝ፣ ከእግር ከተወሰዱት ወደ ግማሽ የሚጠጉት ይዘጋሉ። ለዚህ የሚሰጠው የተለመደ ምክንያት ግፊት ነው፦ ዝቅተኛ ግፊት የለመደ ስስ ግድግዳ የደም ቅዳ ግፊት ሲያርፍበት ውስጡ ይወፍራል፤ ቆይቶም ስብ ይጋገርበታል። ምክንያቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ያው ግፊት እያረፈባቸው አንዱ ለረጅም ዘመን ሲያገለግል ሌላው በዓመቱ ለምን እንደሚዘጋ አይነግረንም።

የጎደለው መልስ ቧንቧው ገና እግር ውስጥ ሳለ ከነበረው ጤና ይጀምራል። በዕድሜ መግፋት፣ በስኳር ሕመም፣ በደም ግፊት ወይም ቀድሞ በረጋ ደም ምክንያት ግድግዳው ይወፍራል፣ ይደነድናል፣ አልፎ አልፎም ካልሲየም ይቋጥራል። እንዲህ ያለው ቧንቧ አይለጠጥም፤ መተላለፊያውም ጠባብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ይፋ የሆነው ቤስት ሲኤልአይ የተሰኘ ጥናት በእግር ደም ዝውውር ላይ ተመሳሳይ ነገር አሳይቷል፦ ጥሩ ደም መልስ ላላቸው ሕሙማን የእግር ባይፓስ ቀዶ ጥገና ቧንቧን ከውስጥ ከማስፋት የተሻለ ሲሆን፣ ለሌላቸው ግን ጉልህ ብልጫ አልታየበትም።

እንግዲያው በደም ቅዳ ብቻ ለምን አይሠራም? ከክንድ የሚወሰደው ደም ቅዳ ከእግር ደም መልስ የተሻለ ውጤት እንዳለው በጥናት ታይቷል፤ ሆኖም ለሁሉም ሰው አይሆንም፤ ብዙ ቦታ ለተዘጋበት ልብም አይበቃም። ጠንከር ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ አብዛኛው ሕመምተኛ በዕድሜ የገፋ ስለሆነ፣ የወፈረ ሁሉ ከተጣለ ምን ይቀራል? መልሱ መጣል ሳይሆን መምረጥ ነው። ከቀዶ ጥገናው በፊት በአልትራሳውንድ ሁለቱም እግሮች ቢታዩ የተሻለው ክፍል ይለያል። አወጣጡም ለውጥ ያመጣል፦ በስዊድን ኧሬብሩ ከተማ ሐኪሙ ዶሚንጎስ ሱዛ እንዳሳየው፣ በዙሪያው ካለው ስብ ጋር፣ በኃይል ሳይነፋ የወጣ ደም መልስ ለብዙ ዓመት ክፍት ይቆያል፤ ምንም እንኳ የእግሩ ቁስል ለመዳን የሚያስቸግር ቢሆን። የደነደነ ቧንቧ እግሩ ከተከፈተ በኋላ ከተገኘ የሐኪሙ አማራጭ ይጠብባል፤ ስለዚህ የደም መልሱ ምርመራ ከልቡ ምርመራ እኩል የቀዶ ጥገናው ዝግጅት አካል መሆን አለበት።