ለትልልቅ የዱር እንስሳት አደን፦ መካከለኛውን ጥይት ስለ መምረጥ



አንድ ሰው የአደን ጠብመንጃ ሊገዛ ሲያስብ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ጠብመንጃው መልክና ስለ ፋብሪካው ስም ነው። ጥያቄው የሚነቀፍ አይደለም፤ ዳሩ ግን ሁለተኛ ሊሆን የሚገባው ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ «የሚተኩሰው ጥይት ምን ዓይነት ነው?» የሚለው መሆን አለበት። ጠብመንጃው ጥይቱን ይመራል፤ እንስሳውን የሚያገኘው ግን ጥይቱ ነው። ጥይቱ ለእንስሳው ሳይበቃ ሲቀር ጉዳቱ የአዳኙ ብቻ አይሆንም። ቆስሎ በየጫካው የሚንከራተተው እንስሳም፥ የደሙን ፈለግ ተከትሎ ወደ ጥሻ የሚገባው መንገድ መሪም የጉዳቱ ተካፋዮች ናቸው። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን መካከለኛ ስለሚባሉት ጥይቶች እናስረዳለን።

በቅድሚያ ስለ መለኪያው ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ጥይት የሚጠራው ባብዛኛው በአረሩ ውፍረት ነው። ጀርመኖችና ሌሎች የኤውሮጳ ሰዎች ውፍረቱን በሚሊሜትር ሲለኩት፥ እንግሊዞችና አሜሪካኖች በኢንች ይለኩታል። «9.3 በ62» ሲባል የአረሩ ውፍረት 9.3 ሚሊሜትር፥ የቀለሁ ርዝመት 62 ሚሊሜትር ነው ማለት ነው። «375» ሲባል ደግሞ ኢንች በሺህ ተከፍሎ 375ቱ እጅ፥ ይኸውም 9.5 ሚሊሜትር ነው። በጠቅላላው አነጋገር ከ8 ሚሊሜትር በታች ያለው ቀጭን፥ ከ10 ሚሊሜትር በላይ ያለው ወፍራም፥ በሁለቱ መካከል ያለው መካከለኛ ይባላል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው የጥይቶች የፈጠራ ዘመናት ሁሉ በኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

የወፍራምና የቀጭን ጥይት ክርክር ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በ1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ አባቶቻችን ከያዟቸው መሣሪያዎች አንዱ የሆነው ውጅግራ፥ በ1874 የወጣ የፈረንሳይ ጠብመንጃ ሲሆን 11 ሚሊሜትር ውፍረትና 25 ግራም ክብደት ያለው እርሳስ በጥቁር ባሩድ ይተኩስ ነበር። አረሩ ከባድ፥ ፍጥነቱ ግን ዝቅተኛ ነበር። በ1886 ጢስ በሌለው ባሩድ የሚሠራው ባለ 8 ሚሊሜትሩ ለበን ከወጣ በኋላ ግን የዓለም ጦር ሠራዊት ሁሉ ወደ ቀጭንና ፈጣን ጥይት ዞረ። ቀጭኑ ጥይት ሩቅ ይሄዳል፤ አካሄዱም ቀጥ ያለ ነው። ወፍራሙ ሩቅ ባይሄድም አጥንት ሰብሮ ጠልቆ ይገባል። መካከለኛው ጥይት የተፈጠረው እነዚህን ሁለት ጠባዮች በአንድ ጠብመንጃ ለማስታረቅ ነው።

የጥይትን ኃይል ለማወዳደር ሊቃውንት ጁል የሚባል መለኪያ ይጠቀማሉ። ኃይሉ የሚገኘው የአረሩን ክብደት በፍጥነቱ፥ ያንኑም እንደገና በፍጥነቱ አባዝቶ ለሁለት በማካፈል ነው። በ1906 የወጣው የአሜሪካኖች «30-06» 11.7 ግራም አረር በሴኮንድ 820 ሜትር ያህል ይልካል፤ ኃይሉ 3,900 ጁል ገደማ ነው። በ1905 ኦቶ ቦክ የተባለ የበርሊን ጠብመንጃ ሠሪ ያወጣው 9.3 በ62፥ 18.5 ግራም አረር በሴኮንድ 720 ሜትር ያህል ይልካል፤ ኃይሉ 4,800 ጁል ያህል ነው። በ1912 የለንደኑ ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ ያወጣው 375 ማግነም ደግሞ 19.4 ግራም አረር በሴኮንድ 770 ሜትር ያህል ይልካል፤ ኃይሉም 5,700 ጁል ይደርሳል።

እነዚህን ቁጥሮች ስትመለከቱ ግን አንድ ነገር አስተውሉ። በስሌቱ ውስጥ ፍጥነት ሁለት ጊዜ ስለሚባዛ ቀላልና ፈጣን አረር በወረቀት ላይ ብርቱ መስሎ ይታያል። የጎሽን ትከሻ ሰብሮ ልብ ድረስ የሚዘልቀው ግን ክብደቱና ጥንካሬው የበቃ አረር ነው። ስለዚህ ጁል ብቻውን ዳኛ ሊሆን አይችልም።

አሁን ወደ እንስሳቱ እንመለስ። በአገራችን አዳኝን ከሩቅ ከሚስቡት እንስሳት አንዱ የደጋ አጋዘን ነው። ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር አይገኝም፤ መኖሪያውም በተለይ የአርሲና የባሌ ተራሮች ናቸው። ያገሩ ሰው ከጥንት ጀምሮ ቢያውቀውም፥ ለውጭ አገር ሊቃውንት የታወቀው ሻለቃ አይቮር በክስተን የተባለ እንግሊዛዊ በ1908 ካየው በኋላ ነው፤ በ1910ም ሪቻርድ ሊዴከር ሳይንሳዊ ስም ሰጠው። ወንዱ ከ180 እስከ 320 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ብዙ ጊዜ የሚታየው በሸለቆ ማዶ፥ ከ200 ሜትር በላይ ርቆ ነው። በሌላ በኩል በኦሞ ሸለቆ የሚገኘው ጎሽ ከ500 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል፤ አዳኙም የሚያገኘው ሣር በዋጠው ቆላ ውስጥ፥ ምናልባት በ40 ሜትር ርቀት ላይ ነው። ለመጀመሪያው እንስሳ ቀጥ ብሎ የሚሄድ፥ ለሁለተኛው ጠልቆ የሚገባ ጥይት ያሻል።

የደጋ አጋዘንን ብቻ ለሚያስብ ሰው 30-06 በጥሩ አረር ይበቃዋል። ጎሽንም ለሚያስብ ግን አይበቃውም። በብዙ የአፍሪካ አገሮች ደንብ ለጎሽ የተፈቀደው ዝቅተኛ መጠን 375 ነው፤ 9.3ን የሚቀበሉም አሉ። በጎሽ ላይ በቀጭን ጥይት መሞከር «የነብርን ጅራት አይዙም፤ ከያዙም አይለቁም» የሚለውን ተረት በራስ ላይ ማምጣት ነው።

ከሁለቱ መካከለኞች የትኛው ይሻላል? 375ቱ በኃይልም በርቀትም ይበልጣል። ቀለሁ ወደ አፉ እየቀጠነ የሚሄድ ስለሆነ በሙቀትም ጊዜ ሳይነክስ ይገባል፥ ሳይነክስም ይወጣል። ዳሩ ግን ጥይቱ ረጅም በመሆኑ ረጅም መዝጊያ ያለው ጠብመንጃ ይፈልጋል፤ ይህም ዋጋውን ከፍ ያደርገዋል። 9.3 በ62 ግን የተሠራው በተለመደው የሞዜር መዝጊያ ውስጥ እንዲገባ ታስቦ ስለሆነ ጠብመንጃው ቀለል ያለና ረከስ ያለ ነው። በአገራችን ቤልጂግ የሚባለውም የዚሁ የሞዜር ዘር ነው። ይህ ማለት ግን የ9.3 ጥይት በቤልጂግ ይተኮሳል ማለት አይደለም፤ አፈሙዙ ሌላ ነውና መሞከሩ ለሕይወት አደገኛ ነው።

ሦስተኛው ዳኛ የተኳሹ ትከሻ ነው። የ375 ሰደፍ በትከሻ ላይ የሚያሳርፈው ርግጫ ከ30-06 እጥፍ ያህል ነው። ርግጫውን የፈራ ሰው ቃታውን ከመሳቡ በፊት ዓይኑን ይጨፍናል፥ ትከሻውንም ይሰበስባል፤ አረሩም ወደ ሆድ ይሄዳል። በሆዱ የተመታ እንስሳ በዚያው ቀን ላይሞት ይችላል፤ ሩቅም ይሄዳል። ከቢሮ ሥራ ተርፎ በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ ለሚተኩስ የመንግሥት ሠራተኛ ይህ ነገር ቀላል አይደለም። በ100 ሜትር ላይ ሦስት ጥይት ተኩሰው ሦስቱንም ከእጅ መዳፍ በማይሰፋ ክልል ውስጥ ማሳረፍ ካልቻሉ፥ ጠብመንጃው ለጊዜው ከአቅምዎ በላይ ነው። ትርፉን ገንዘብ ለበለጠ ኃይል ሳይሆን ለልምምድ ጥይት ቢያውሉት ይሻላል።

ስለ ከፍታም የሚነገር ብዙ ነገር አለ። ጉርድ ሾላ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብሎ ይገኛል። ከዚያ ተነሥቶ በየካ በኩል ወደ እንጦጦ የወጣ ሰው 3,000 ሜትር ሲያልፍ ትንፋሹ እንደሚያጥረው ያውቃል። በዚያ ከፍታ የአየሩ እፍጋት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ይኸው ሥሥ አየር ጥይቱንም እምብዛም ስለማይገታው፥ በቆላ የተስተካከለ ጠብመንጃ በደጋ ጥቂት ከፍ አድርጎ ይመታል። እስከ 200 ሜትር ድረስ ግን ልዩነቱ ከጥቂት ሴንቲሜትር አያልፍም። ከዚህ ይልቅ የሚያስተው የዳገቱ ማዘንበልና የሰውየው ትንፋሽ ነው። ወደ ላይም ሆነ ወደ ታች ሲተኮስ ጥይቱን ወደ ምድር የሚስበው በአግድም ያለው ርቀት ብቻ ነው። በ45 ዲግሪ ዳገት ላይ 300 ሜትር የራቀ እንስሳ እንደ 212 ሜትር ሊቆጠር ይገባዋል፤ ይህን የዘነጋ ከጀርባው በላይ ይሰዳል። ስለዚህ በተራራ ላይ አስቀድሞ መቀመጥ፥ ትንፋሽን ማሳረፍ፥ ከዚያ በኋላ ማነጣጠር ይገባል።

በመጨረሻም የአረሩ አሠራር ከውፍረቱ ያላነሰ ነገር ነው። ለጦርነት የተሠራ አረር እርሳሱ በሙሉ በጠንካራ ብረት የተሸፈነ ስለሆነ ሳይሰፋ በጠባብ ቀዳዳ አልፎ ሊሄድ ይችላል፤ እንስሳውም ቆስሎ ያመልጣል። ለአጋዘንና ለመሰሎቹ የሚያሻው አፍንጫው ለስላሳ ሆኖ በሥጋ ውስጥ የሚሰፋ፥ ግን የማይበታተን አረር ነው። ለጎሽ ደግሞ ብዙ አዳኞች የመጀመሪያውን እንዲህ ያለ ጠንካራ ስፊ አረር፥ ቀጣዮቹን ሙሉ በሙሉ የተሸፈነና ጠልቆ የሚገባ አረር ያደርጋሉ። ከአባት የወረሰውን የጦር ጠብመንጃና የጦር ጥይት ይዞ ወደ አደን መሄድ ለእንስሳው ጭካኔ፥ ለራስም አደጋ ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ሕጉ አለ። የጦር መሣሪያ መያዝ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012፥ የዱር እንስሳት አጠቃቀም በአዋጅ ቁጥር 541/1999 ይገዛሉ። ጠብመንጃውም አደኑም ፈቃድ ይሻሉ። በእንጦጦ ጫካ የምኒልክ ድኩላ ብቅ ቢል የዓይን ደስታ እንጂ የጠብመንጃ ዒላማ አይደለም።

እንግዲህ በአጭሩ፥ የደጋ አጋዘንን ብቻ የሚያስብ 30-06ን፥ ጎሽንም የሚጨምርና ትከሻውም ኪሱም የሚችልለት 375ን፥ ኪሱ ወይም ትከሻው የማይችልለት 9.3 በ62ን ይምረጥ። የመረጠውም ሁሉ በዒላማ ቦታ ሳያዳግም መምታቱን ሳያረጋግጥ ወደ ተራራው አይውጣ። የደጋ አጋዘን መኖሪያው ይህችው አንዲት አገር ናትና፥ ቆስሎ የጠፋ አንድ አጋዘን ከሌላ አገር የሚተካ አይደለም።